አሊስ ስቴቢንስ ዌልስ፦ ወጣቶችን ከእስር በፊት ለመድረስ የተነሳችው ፖሊስ

በአውሮፓውያኑ 1873 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የተወለደችው አሊስ ስቴቢንስ ዌልስ፣ ነገረ መለኮት ተምራ በቤተ ክርስቲያን አገልግላለች። ሴቶችና ልጆች አደጋ ላይ ሳይወድቁ የሚደርስላቸው ሴት ፖሊስ እንደሚያስፈልግ ግን ታምን ነበር።

የ100 ነዋሪዎችን ፊርማ አሰባስባ ለሎስ አንጀለስ ከተማ አስተዳደር ጥያቄዋን አቀረበች፤ በ1910ም ራሷ ቃለ መሐላ ፈጽማ ፖሊስ ሆነች። የሥራ ቦታዋ ወጣቶች የሚያዘወትሯቸው የጭፈራ አዳራሾችና ሲኒማ ቤቶች ነበሩ።

ፖሊሶች በነጻ በሚሳፈሩበት ትራም ላይ ባጇን ብታሳይ፣ የባሏን ይዛ መጥታለች ተብላ ተጠረጠረች። ኋላ ሴት ፖሊስነቷን የሚገልጽ፣ ቁጥር 1 የተጻፈበት ባጅ ተሰጣት።

በየከተማው እየዞረች ስለ ሥራው አስተማረች፤ ሌሎች ከተሞችም ሴት ፖሊሶችን ቀጠሩ። በ1915 የዓለም አቀፉ የሴት ፖሊሶች ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዝዳንት ሆነች። በ1940 ጡረታ ወጥታ፣ በ1957 አረፈች።