የአክሱሙ መምህር ዘርዓ ያዕቆብ

ዘርዓ ያዕቆብ ሲባል ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡትን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን ያስታውሳሉ። እኛ እዚህ የምናነሣው ግን ሌላውን፣ መምህሩን ነው። ታሪኩን የምናገኘው በስሙ ከሚታወቀው «ሐተታ» ከተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ የኖረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ተከራከረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሳምነር ደግሞ የዘርዓ ያዕቆብ ራሱ ነው ብለው ለረጅም ዓመታት ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ ተማሪዎቻችን ይህንን አውቀው ቢያነቡ እንወዳለን።

መጽሐፉ እንደሚነግረን ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 እ.ኤ.አ. በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ተወለደ። ዜማ ጀመረ፤ ድምፁ ሻካራ ስለነበረ ግን ጓደኞቹ ሣቁበት። በሦስት ወሩ ትቶት ወደ ቅኔና ሰዋስው ዞረ፤ እዚያ ቀናው። (ልጄ በአንድ ትምህርት ደከመ ብለው ቢሮአችን ለሚመጡ ወላጆች ይህችን እናወራላቸዋለን።) ከዚያ የመጻሕፍት ትርጓሜ 10 ዓመት ተምሮ አክሱም ላይ ማስተማር ጀመረ።

ጊዜው ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ በሃይማኖት ተከፍሎ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፍ ሲተረጉም ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጾቹ እንዲያ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያስረዳል እንጂ የትኛው እውነት እንደሆነ አይፈርድም ነበር። ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። ወልደ ዮሐንስ የተባለ ካህን ሕዝቡን በፈረንጆች ላይ ያነሣሣል ብሎ ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው፤ እሱም ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ።

ተከዜ አጠገብ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እዚያ ሆኖ ያሰበው ለዛሬም ከባድ ነው። ሰው ሁሉ የኔ ሃይማኖት ልክ ነው ካለ፣ ዳኛው ማን ይሁን? ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠው ልቡና ነው ወደሚል መልስ ደረሰ። በዚያ ሚዛን ምንኩስናን፣ የጾምን ሥርዓት፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥን መዘነ፤ ክርስቲያኑንም እስላሙንም አይሁዱንም አልማረም። ፈጣሪን ግን አልካደም፤ ጠዋትና ማታ በመዝሙረ ዳዊቱ ይጸልይ ነበር። ከመምህራኖቻችን አብዛኞቹ ጿሚዎች ስለሆኑ በጾም ነገር ከእሱ ጋር አንስማማም። ስለ ባርነት ያለውን ግን ማን ይቃወመዋል?

ሱስንዮስ በ1632 ካረፉ በኋላ እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ገባ። መጽሐፍ እየገለበጠ፣ ልጆቹን እያስተማረ ይኖር ጀመር። ለማግባት ሲያስብ የቤቱን አገልጋይ ሂሩትን ጠየቀ። ሀብቱ ከእንግዲህ የአንተ ገረድ ትሁን ቢለው፣ ባልና ሚስት እኩል ስለሆኑ ሚስት እንጂ ገረድ አልፈልግም አለ። መልከ መልካም አልነበረችም፤ ጠባየ መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። በየቤታችን ያሉ የቤት ሠራተኞች እንዴት እንደሚጠሩ፣ የት ተቀምጠው እንደሚበሉ ስናይ ይህ ክፍል ከፍልስፍናው ሁሉ ይበልጥብናል።

በ68 ዓመቱ፣ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና፣ ሐሳቡን ጻፈ። በ93 ዓመቱም ሞተ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጎረቤቶቹ እንደነሱ ያለ ክርስቲያን ይመስላቸው ነበር፤ እሱም የልቡን አልነገራቸውም። ይህን ያደረገው ነፍሱን ለማዳን ነው ወይስ ሰዉን አታለለ? ጥያቄውን ለትልልቆቹ ተማሪዎች ስናቀርብ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። እኛ መምህራኑም እስካሁን አልተስማማንም።