የሐኪም አርማወር ሐንሰን ታሪክ

በመርሐቤቴ ከምትገኘው ከዓለም ከተማ ተነሥቶ፥ የጀማን ቈላ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው፥ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ቢሄድ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ሰፈር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረውን ሆስፒታል ያገኛል። በዚያው ግቢ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሚባል ቤት አለ። ልጆች ሆይ፥ አርማወር ሐንሰን አገራችንን በዓይኑ ያላየ የሩቅ አገር ሰው ነው። ስሙ በዚያ ቤት ላይ ስለ ምን እንደ ተጻፈ አሁን እንነግራችኋለን። ዓመቱን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሐንሰን በ1841 በኖርዌይ አገር፥ በርገን በምትባል በባሕር ጠረፍ ባለች ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ 15 ልጆች ነበሩአቸው። አባቱ ነጋዴ ነበረ፤ ነገር ግን ንግዱ አልቀናውም። ስለዚህ ልጁ እየሠራ ራሱን በመርዳት የሕክምናን ትምህርት ተማረ፤ በ1866ም ፈጸመ። ጥቂት ጊዜ ዓሣ አጥማጆችን ሲያክም ከቈየ በኋላ በ1868 ወደ በርገን ተመልሶ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሥራ ያዘ።

በዚያ ዘመን ኖርዌይ እንደ ዛሬው ባለጸጋ አገር አልነበረችም። በባሕሩ ዳርቻ በሚኖሩ ድሆች ዘንድ ሥጋ ደዌ በዝቶ፥ ከ2,000 የሚበልጡ ሕሙማን በመንግሥት መዝገብ ተጽፈው ነበር። የሆስፒታሉ አለቃ ዳንኤልሰን የሚባል ሐኪም ነበረ። ስለዚህ ደዌ በጊዜው ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ደዌው ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ይመስለው ነበር። በእኛም አገር ብዙ ሰው እንደዚሁ ያስብ ነበር፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎች የዘር ሐረግ እየቈጠሩ ይህ ደዌ የገባበት ቤት እንዳይሆን ይመረምሩ ነበር። ርግማን ነው የሚሉም ነበሩ። ስለዚህ በሽተኛው ብቻ ሳይሆን ጤነኞቹ ልጆቹና ወንድሞቹ ጭምር ይናቁ ነበር።

ሐንሰን ግን ይህን ነገር ሰምቶ ብቻ አልተቀበለም። ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ፥ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደ ነበረ፥ ማንስ ከማን በኋላ እንደ ታመመ ይጠይቅ ነበር። ከሕሙማኑም እባጭ ጥቂት እየወሰደ ማይክሮስኮፕ በሚባለው አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ይመለከት ነበር። በ1873 እንደ ትናንሽ በትር ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንን አየ። ሥጋ ደዌን የሚያመጡት እነዚህ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የዳንኤልሰንን ልጅ አግብቶ ነበር፤ እርስዋ ግን ዓመቱ ሳያልቅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ያገኘው ነገር የአማቱን የብዙ ዘመን አሳብ የሚያፈርስ ነበረ፤ አማቱ ግን ከሥራው አልከለከለውም። ይህ የዳንኤልሰን ትዕግሥት ሊመሰገን የሚገባው ነው።

በ1879 ናይሰር የሚባል ወጣት ሐኪም ከጀርመን አገር መጣ። ሐንሰን ሳይሰስት ከሕሙማኑ የተወሰደውን ሁሉ ሰጠው። ናይሰርም ወደ አገሩ ተመልሶ ተሕዋስያኑን በቀለም አጉልቶ ካሳየ በኋላ፥ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ስለዚህ በመካከላቸው ጠብ ሆነ። የመጀመሪያው አግኚ ሐንሰን እንደ ሆነ ግን በኋላ ታወቀ።

የሐንሰንን በጎ ሥራ ብቻ ጽፎ ጥፋቱን መሸሸግ አይገባም። ደዌው ተላላፊ መሆኑን ለማስረዳት ቸኵሎ፥ በ1879 አንዲትን በሽተኛ ሴት ሳያስፈቅድ በሌላ በሽተኛ እባጭ በነካ መርፌ ዓይንዋን ወጋ። ዳንኤልሰን እንዲህ ያለውን ነገር ለመፈተን በፈለገ ጊዜ የወጋው የራሱን ሥጋ ነበር። ሴትዮዋ አቤት አለች፤ በ1880 ፍርድ ቤት ፈረደበትና ከሆስፒታሉ ሹመት ተሻረ። ድሀና በሽተኛ ብትሆንም ዳኛው አቤቱታዋን ሰማ። የአገሩን የሥጋ ደዌ ሥራ የመቈጣጠር ሹመት ግን አልተወሰደበትም፤ እስኪሞትም ድረስ በእርሱ ኖረ። በ1912 ሲሞት በኖርዌይ የቀሩት ሕሙማን ጥቂት መቶ ብቻ ነበሩ። የሚያድን መድኃኒት ግን ሳያይ ሞተ።

መድኃኒት የተገኘው ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ዳፕሶን የሚባለው ክኒን ርካሽ ስለ ነበረ ወደ አገራችንም ደረሰ። የሥጋ ደዌ ተሕዋሲ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ክኒኑ ለብዙ ዓመት መዋጥ ነበረበት። ብዙ ሰው ግን ቍስሉ ሲደርቅለት ዳንሁ ብሎ፥ ወይም አጨዳ ደረሰ ብሎ ይተወው ነበር። አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ፥ ይልቁንም እየተቋረጠ ሲወሰድ፥ ደካሞቹ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የሚችሉት ጥቂቶቹ ይቀራሉ፤ የሚራቡትም እነርሱ ናቸው። ዳፕሶን የማይገድለው ተሕዋሲ መኖሩ በ1964 በማላያ አገር ተረጋገጠ።

የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት መርጃ ማኅበሮች በ1970 በአዲስ አበባ የምርምሩን ቤት አቋቁመው የሐንሰንን ስም ሰጡት። በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ ሕሙማን ሲመረመሩ፥ መድኃኒቱን የተላመደ ተሕዋሲ በብዙዎች ላይ ተገኘ። ተሕዋሲው በብልቃጥ ውስጥ አላድግ ስለሚል፥ የሚፈተነው በአይጥ እግር ውስጥ እየተከተተ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ዳፕሶንን ቀምሰው የማያውቁ ሰዎችም በዚያው በተላመደው ተሕዋሲ መያዛቸው ነው። አንዱ ያቋረጠው መድኃኒት ሌላውን ጎዳ።

ስለዚህ በ1981 የዓለም የጤና ድርጅት ዳፕሶን ብቻውን እንዳይሰጥ፥ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን ከሚባሉት ጋር እንዲሰጥ መከረ። ከአንዱ ያመለጠውን ተሕዋሲ ሌላው ይገድለዋልና። የሐንሰንን ሚስት የገደለው የሳንባ ነቀርሳም ዛሬ የሚታከመው በዚሁ ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ አራት መድኃኒት በአንድነት ይሰጣል፤ ሕክምናው በብዙው ስድስት ወር ይቈያል። በሐንሰን ስም በተጠራው ቤትም መድኃኒት የተላመዱ የሳንባ ነቀርሳና የሌሎች ደዌዎች ተሕዋስያን ይመረመራሉ። የሥጋ ደዌው መድኃኒት ለሕሙማን በነፃ ይታደላል፤ የሚታደለውም ለ28 ቀን በተዘጋጀ ጥቅል ነው። በሽተኛው አንዱን ጥቅል ሲጨርስ ሌላውን ለመቀበል ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሳል፤ ሪፋምፒሲኑንም እዚያው በባለሙያው ፊት ይውጠዋል።