ውኃን ሽቅብ ያወጣው መሐንዲስ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በወልቂጤ ያልፋል። ከዓለም ገና ወደ ሆሳዕናና ወደ ሶዶ የሚወርደው ደግሞ ቡታጅራን አቋርጦ ይሄዳል። በነዚህ መንገዶች ስንመላለስ ድልድዩን ማን ለካው፣ መንገዱን ማን ቀየሰው ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? መኪናው እስካልቆመ ድረስ ነገሬም አንለው። ነገ የምናስተምራቸው ልጆች ግን አንዳንዶቹ አድገው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ቦታ ገብተው ሲቪል ምሕንድስና ይማራሉ። እንግዲህ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የዘመናዊ ምሕንድስናን ሙያ ይዘው ወደ ሀገራችን ከገቡት ቀደምት ሰዎች የአንዱን፣ የአልፍሬድ ኢልግን ሕይወት እናቀርባለን።

ኢልግ የተወለደው በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊስ ከተማ ነው። ሙያን የጀመረው በመጽሐፍ ሳይሆን በብረታ ብረት ሥራ ቤት ነበር። በመጀመሪያ ከባለሙያ ሥር ሆኖ ብረት መቁረጥና መግጠም ተለማመደ። ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱን ቀጥሎ ዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ያጠናው። በአጭሩ እጁ መዶሻን፣ አእምሮው ደግሞ ስሌትን ያውቅ ነበር። ይህ ነገር በኋላ እንዴት እንደጠቀመው እናያለን።

በዚያን ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸው ኤደን ላይ በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል አውሮፓ ደረሰ። ኢልግም ሁለት የሀገሩን የእጅ ባለሙያዎች አስከትሎ ተነሣ፤ ረጅሙን የበረሃ ጉዞ ጨርሶ በ1871 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ አንኮበር ገባ። ዕድሜው ገና 24 ነበር።

ታዲያ ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ አልነበረም፤ ጫማ ነው ይባላል! መሐንዲስ ጫማ ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን አላውቅም ብሎ አልተመለሰም፤ ቁጭ ብሎ ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራ ተባለ፤ ከውጭ ማስመጣቱ እንደሚረክስ ቢያስረዳም እሱንም ሠርቶ አሳየ ይባላል። እነዚህን ሁለት ፈተናዎች ካለፈ በኋላ ምኒልክ አመኑት። ያ በሥራ ቤት የተለማመደው እጁ እዚህ ላይ ነው ያዳነው።

ትልቁ ሥራ ከዚያ በኋላ መጣ። አዋሽ በክረምት ሲሞላ ሰውም ጭነትም ያግታል። በ1878 ዓ.ም. ገደማ ኢልግ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። እንጨቱ ከጫካ ተቆርጦ በሰው ትከሻ ተጓጓዘ፤ ሚስማሩና ብሎኑ እዚያው በእሳት እየጋለ ተቀጠቀጠ። የጎደለ ዕቃ ቢኖር ከሱቅ የሚገዛ አልነበረም፤ ከባሕር ዳርቻ በግመልና በበቅሎ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ መሐንዲሱ ምን፣ መቼ፣ ስንት፣ በማን እጅ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማስላት ነበረበት። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የኮንስትራክሽን ሥራ አመራር እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ዋናው ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት መሠረቱን ያላወጣ ሰው ስሌቱ ምንም ያህል ቢያምር ሥራው ይበላሻል።

በ1886 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አመጣ። ቤተ መንግሥቱ ያለው ኮረብታ ላይ በመሆኑ ውኃው መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ ኋላ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ብዙ ሰው አላመነም፤ ውኃ መቼ ዳገት ወጥቶ ያውቃል? ውኃው ግን መጣ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ከምንጩ ከፍታ በታች ወዳለ ቦታ ሁሉ ሊወጣ ይችላል፤ እንጦጦ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ይበልጣል። ይህን እኛም በክፍል ውስጥ ልናሳየው እንችላለን። ውኃ የሚታይበት ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ውኃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ያዙት፤ አንዱን ብታወርዱ ብታወጡት የውኃው ልክ በሁለቱም በኩል እኩል ይሆናል። ግንበኞቻችን መሠረት የሚያስተካክሉት በዚሁ ዘዴ ነው። እንዲያውም የመለኪያ መሣሪያቸውን ስም ውኃ ልክ ማለታችን ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዚያው በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ለኢልግ ፈቃድ ሰጡት፤ ሸፍኑ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋርም ሥራውን አንቀሳቀሰ። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬዳዋ ደረሰ። ነገር ግን ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ ኃያላኑ መንግሥታትም ባቡሩን እኔ ልያዘው እኔ ልያዘው እያሉ ተወዛገቡ። ኢልግ በ1899 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ለቆ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ በ1908 ዓ.ም. ዙሪክ ላይ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ያሰበውን ሳያይ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ኢልግ ብቻውን አልሠራም። ቦዩን የቆፈረው፣ ግንዱን የተሸከመው የሀገሩ ሰው ነው። አዲስ አበባ ስትገነባ ከጉራጌ አገር መጥተው ድንጋይና ጭቃ ያመላለሱ የቀን ሠራተኞች ብዙዎች ነበሩ፤ ስማቸው ግን በመጽሐፍ አልሰፈረም። ጉልበቱ እዚህ ነበር፤ ስሌቱ ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቀረ፤ ሰውየው ሲሄድም አብሮት ሄደ። በሀገራችን ምሕንድስና በኮሌጅ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ኢልግ አንኮበር ከገባ ሰባ ዓመት አልፎ!

በ1950ዎቹ የጉራጌ ሕዝብ ገንዘብ እያዋጣ መንገድ ለማሠራት ሲነሣም ነገሩ ያው ነበር። ከሊስትሮው እስከ ባለ ሱቁ ያለው አዋጣ፤ ኅብረት አልጎደለም። ቅየሳውና የድልድዩ ስሌት ግን የተማረ ሰው ይጠይቅ ነበር። የተማረ ሰው ደግሞ እንደ ገንዘብ በአንድ ቀን ተዋጥቶ አይገኝም።

ይህ የእኛ ድርሻ ነው፤ መምህር የምንሆን የእኛ። መሐንዲስ የሚጀመረው ከዩኒቨርሲቲ በር አይደለም፤ ክፍልፋይ ከሚያስተምረው የአራተኛ ክፍል መምህር ነው። ማስመሪያ ይዞ የክፍሉን ወለል ያልለካ ልጅ፣ ቱንቢ አንጠልጥሎ ግድግዳው መጣመሙን ያላየ ልጅ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቀመሩን ቢሸመድድ ምን ይፈይድለታል? ኢልግ መዶሻውን ቀድሞ ይዞ ስሌቱን ያስከተለው በከንቱ አልነበረም። ስለዚህ ለልምምድ ትምህርት ወደ ት/ቤቶች ስንወጣ ከጠመኔው ጋር አንድ ሜትር፣ አንድ ሲባጎና ያችን የውኃ ጎማ እንያዝ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሙያ ከሰውየው ጋር ይቀበራል፤ ለአርባ ልጅ የተካፈለ ግን አገር ላይ ይቀራል።