ፑሽኪን በግዞት ምን ያነብ ነበር?

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ባሉት የሀበሻ ቡና ቤቶች የፑሽኪን ስም ከተነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ዘር ቆጠራ ይዞራል። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ከሐማሴን ሎጎ የተወሰደ ነው የሚል አለ፤ የለም፣ ካሜሩን ውስጥ ካለችው ሎጎኔ ነው የሚልም አለ። ሰውየው ራሱ በ1742 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባስገባው ማመልከቻ፣ ሎጎን በምትባል የአፍሪካ ከተማ መወለዱን ጽፏል፤ የየት አገር እንደሆነች ግን አላብራራም። ክርክሩ አያልቅምና ለጊዜው እንተወው።

በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ጋኒባል ፈረንሳይ አገር የጦር ምሕንድስና ተምሮ በ1723 ወደ ሩሲያ ሲመለስ ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍት ይዞ ገባ። ንግሥት ኤልሳቤጥ የሰጠችው የሚካይሎቭስኮዬ ርስት ደግሞ ከሰማንያ ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ ልጅ፣ ባለቅኔው ፑሽኪን፣ የተጋዘበት ቦታ ሆነ።

ጥፋቱ ደብዳቤ ነው። በ1824 ፖሊስ የከፈተው ደብዳቤ ላይ የአምላክ የለሽነት ትምህርት እየተማረ መሆኑን ጽፎ ተገኘ። በ25 ዓመቱ ከሥራ ተባሮ፣ ከኦዴሳ ወደ ፕስኮቭ ገጠር ተላከ። እንዲጠብቀው የተጠየቀው የገዛ አባቱ ነበር፤ አባትም እሺ አለ! ተጣሉ፤ ቤተሰቡ በኅዳር ትቶት ሄደ። ፑሽኪን ከሞግዚቱ ከአሪና ሮዲዮኖቭና ጋር ቀረ።

ቀን ይጽፋል፣ ፈረስ ይጋልባል፤ ማታ ሞግዚቱ ተረት ትነግረዋለች። ለወንድሙ ለሌቭ በሚልከው የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ ቅዱስና ሼክስፒር ከሰናፍጭና ከአይብ ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ። ያጣውን ከጎረቤቱ ከወይዘሮ ኦሲፖቫ ቤት ይዋሳል። እንግሊዝኛው ገና ደካማ ስለነበር ሼክስፒርን ያነበበው በፈረንሳይኛ ነው። ቁርዓንን በሩሲያኛ ትርጉም አንብቦ ግጥሞች ጻፈ። ከካራምዚን የሩሲያ ታሪክ ያኔ አዲስ የወጡትን 10ኛና 11ኛ ቅጽ ከሼክስፒር ጎን አስቀምጦ ሲያነብ ከረመና፣ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» የተሰኘውን ተውኔቱን በኅዳር 1825 ጨረሰ።

ከሁሉ የምወደው ግን የጥር 1825ቱን ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛው ፑሽቺን፣ ሳንሱር ያገደውን የግሪቦየዶቭን ተውኔት የእጅ ግልባጭ ይዞ በበረዶ ሊጠይቀው መጣ። ፑሽኪን ጮክ ብሎ ሲያነብለት፣ እንዲከታተለው የታዘዘ መነኩሴ ከአቅራቢያው ገዳም ሲመጣ አየ። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቅዱሳን ገድል፣ የእነሱን ስንክሳር እንበለው፣ ገለጠ። መነኩሴው ሻዩን በአረቄ ጠጥቶ ሄደ፤ ንባቡም ቀጠለ። በደርግ ዘመን መጽሐፍ በጋዜጣ ሸፍኖ ያነበበ ሰው ይህችን ዘዴ ያውቃታል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መኮንኖች ፒተርስበርግ ላይ አመፁ። ፑሽቺን አንዱ ነበርና ሳይቤሪያ ወረደ። ፑሽኪን ወሬውን ሲሰማ ስለ ሕይወቱ የጻፈውን ማስታወሻ አቃጠለ። በመስከረም 1826 አዲሱ ንጉሥ አስጠርቶ ሲጠይቀው፣ ከተማ ቢሆን ኖሮ ከዐመፀኞቹ ጋር ይቆም እንደነበር አልደበቀም ይባላል። ግዞቱ አተረፈው ማለት ነው።

በ1827 በጋ ማንም ሳያስገድደው ወደዚያው ርስት ተመለሰና ስለ ጋኒባል ልብ ወለድ ጀመረ። ጥቂት ምዕራፎች ጽፎ ተወው።