የጅቡቲ ቈርቋሪ ሙሴ ሌኦንስ ላጋርድ

ሙሴ ሌኦንስ ላጋርድ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1860 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በታርን አውራጃ፣ ሌምፖ በምትባል መንደር ተወለዱ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመቶች ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ገና የ23 ዓመት ጐልማሳ ሳሉ በ1884 የኦቦክ አዛዥ ኾነው ተሾሙ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ከቻይና ጋራ በጦርነት ላይ ስለ ነበረችና እንግሊዞችም በዓደን ወደብ ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች የድንጋይ ከሰል እንዳይሰጥ ስለ ከለከሉ፣ ከ1862 ዠምሮ በፈረንሳይ እጅ ኾና ችላ ተብላ የኖረችው ኦቦክ በድንገት ተፈላጊ ኾነች።

ሙሴ ላጋርድ ግን ኦቦክ ለትልቅ ከተማ እንደማትበቃ ፈጥነው ተረዱ። ወደቧ ለነፋስ የተጋለጠ፣ የሐረርም የሲራራ መንገድ የራቃት ነበረች። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው የጅቡቲ ጠረፍ ግን ከማዕበል የተጠለለ፣ በአምቡሊ የጕድጓድ ውሃ የሚገኝበትና ለሐረርም የሚቀርብ ነበረ። ፈረንሳይ በ1885 ከኢሳ አለቆች ጋራ ስለ ተዋዋለች፣ በ1888 ከተማው መቈርቈር ዠመረ። በ1896 ግዛቱ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ተብሎ ጅቡቲ ዋና ከተማው ስትኾን፣ ሙሴ ላጋርድም አገረ ገዢው ኾኑ።

ይሁን እንጂ ከተማ በሹመትና በዐዋጅ ብቻ አይሠራም፤ ገንዘብ ይሻል። እርሻ በሌለበት በዚያ ጠረፍ የሚሰበሰበው ግብር ጥቂት ስለ ነበረ፣ አዲሱ ከተማ የቆመው ከፓሪስ በሚላከው የመንግሥት ርዳታ ነው። የሹማምንቱ ደመወዝና የመሥሪያ ቤቱ ወጪ ይህን ርዳታ የሚጠብቅ ኾኖ ኖረ።

በ1897 ሙሴ ላጋርድ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ተልከው የወሰን ውል ተዋዋሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕረግ ሰጧቸው። በዚያው ዓመት የምድር ባቡር ሥራ ተዠመረ። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ዐረቡና ኢትዮጵያዊው ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ጐረፈ። ሹማምንቱና ነጋዴዎቹ ከባሕር ድንጋይ በተሠራ ቤት ሲቀመጡ፣ ሐዲዱን የሚዘረጋውና ዕቃውን የሚሸከመው ሠራተኛ ግን በእንጨት፣ በሰሌንና በቈርቈሮ ማደሪያውን ራሱ ይቀልስ ነበረ።

ሙሴ ላጋርድ በ1899 አገረ ገዢነቱን ለቀቁ። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1900፣ የፈረንሳይ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ እያንዳንዱ ቅኝ ግዛት ወጪውን በገዛ ገቢው እንዲችል አዘዘ። በ1902 ደግሞ ለምድር ባቡሩ ኩባንያ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት እንዲሰጥ ውል ተደረገ። ከዚህ እንደሚታየው ለሐዲዱ የረጅም ዘመን ርዳታ ሲቈረጥለት፣ ለሠራተኛው ቤት ግን እንዲህ ያለ ውል አልተደረገለትም። ሙሴ ላጋርድ እስከ 1907 በአዲስ አበባ የመንግሥታቸው መልእክተኛ ኾነው ከቈዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1936 በፓሪስ ዐረፉ።

የሠራተኛው ሰፈሮች ኋላ ቍጥር እየተሰጣቸው ተጠሩ፤ ካርቲየ 2 ከእነዚህ አንዱ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪው ለረጅም ዘመን የያዘው ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ ብቻ ነበረ። ነገ ተነሣ ሊባል የሚችል ሰው በድንጋይ ሊሠራ አይደፍርምና፣ የካርቲየ 2 ቤት የእንጨትና የቈርቈሮ ኾኖ መኖሩ ከድኽነት ብቻ የመጣ አይደለም።

የ1900 ሕግ ሐሳብ የተለወጠው በ1946 ፈረንሳይ ለባሕር ማዶ ግዛቶቿ የልማት ገንዘብ ስታቋቁም ነው። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላም የቤት ጕዳይ ለአዲሱ መንግሥት ከባድ ሸክም ኾኖ ተላለፈ።

ሙሴ ላጋርድ ወደብ የሚኾነውን ስፍራ ለይተው በማወቃቸው አስተዋይ ነበሩ፤ የቈረቈሩትም ከተማ ዛሬ የአንድ ነጻ አገር ዋና ከተማ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ርዳታ ከተማን ቢያቆምም፣ የነዋሪውን ቤትና የመሬት መብት በሒሳቡ ካላስገባ ሥራው ጐደሎ እንደሚኾን የካርቲየ 2 ታሪክ ይመሰክራል። የከተማ በጀት ለሚያዘጋጁ ኹሉ ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ትምህርት ነው።