የፋሺዝም እስረኛ፦ አንቶኒዮ ግራምሺና የወዝአደሩ መሪነት ጥያቄ

ገዢ መደቦች በሥልጣን ላይ የሚቆዩት በጠመንጃና በእስር ቤት ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ጭቁኑ ሕዝብ የገዢዎቹን አመለካከት የራሱ አድርጎ እንዲቀበል በማድረግ ጭምር መሆኑን በጥልቀት ከመረመሩት አብዮታውያን መካከል ግንባር ቀደሙ ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ ግራምሺ ነው። ምርመራውን የጻፈውም በፋሺስቶች እስር ቤት ተቀምጦ ነው።

ግራምሺ እ.ኤ.አ. በ1891 በድኃዋ የሰርዲኒያ ደሴት፣ አሌስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ዝቅተኛ የመንግሥት ጸሐፊ የነበረው አባቱ ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ሲታሰር ሰባት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ተቸገረ። ጀርባው የጎበጠው ብላቴና በ11 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በቢሮ ውስጥ ከባድ መዝገቦችን ይሸከም ጀመር። በ1911 በነፃ የትምህርት ዕድል የፊያት ፋብሪካ ወደሚገኝባት ወደ ቶሪኖ ሄደ።

በ1919 ከጓዶቹ ጋር አዲሱ ሥርዓት የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ። በዚያው ዓመት የሆነውን ግን በተለይ ልናስታውስ እንወዳለን። መንግሥት የቶሪኖን ሠራተኞች ለመግታት የሳሳሪ ብርጌድን አመጣ፤ ወታደሮቹ የሰርዲኒያ ገበሬዎች ነበሩ። ግራምሺ ኋላ እንደተረከው፣ ክራቫት የሚያስርና በቀን 30 ሊሬ የሚያገኝ ሠራተኛ በእነሱ ዐይን ጌታ እንጂ ድኃ አልነበረም፤ በአገራቸው ድኃው የሚያውቀው አንድ ሊሬ ተኩል ነው። ሠራተኛውን ለመተኮስ የመጡትም ጌቶችን የሚተኩሱ መስሏቸው ነበር። ሰርዲኒያውያን ሶሻሊስቶች በየአጋጣሚው እየቀረቡ አነጋገሯቸው። ብርጌዱ በሐምሌ ወር፣ በአጠቃላዩ የሥራ ማቆም አድማ ዋዜማ፣ በሌሊት ከከተማዋ እንዲወጣ ተደረገ። ጥቂት ወራት የፈጀ ጭውውት ነበር!

በመስከረም 1920 ሠራተኞቹ ፋብሪካዎቹን ያዙ፤ ይሁን እንጂ ገበሬው አልተከተላቸውም፣ ብቻቸውንም ቀሩ። በ1921 በሊቮርኖ የኮሙኒስት ፓርቲ ሲመሠረት ግራምሺ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ብዙኃኑን ሠራተኛ ይዞ አለመውጣት ለአድኃሪያን ታላቅ ድል እንደሆነላቸው ኋላ በምሬት አምኗል። በ1922 ሙሶሊኒ ሥልጣን ያዘ፤ በኅዳር 1926 የምክር ቤት አባሉ ግራምሺ ተያዘ። ልዩ ፍርድ ቤት 20 ዓመት ከ4 ወር ከ5 ቀን ፈረደበት።

በቱሪ እስር ቤት ከ1929 ጀምሮ በደብተሮች ላይ ጻፈ፤ የዘበኞቹ ዐይን ስለማይለየው ማርክሲዝምን የተግባር ፍልስፍና እያለ ነበር የሚጠራው። ሄጌሞኒ የሚለው ቃል በሩሲያ አብዮተኞች ዘንድ ወዝአደሩ ገበሬውን አስከትሎ የሚመራበትን መሪነት ያመለክት ነበር። ግራምሺ ቃሉን አሰፋው። በእሱ ትንታኔ፣ ከበርቴው መደብ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በጋዜጣ አማካይነት የሕዝቡን ፈቃድ ያገኛል፤ መንግሥቱ ቢናወጥ እንኳ እነዚህ ምሽጎች ጸንተው ይቆማሉ። ስለሆነም በምዕራብ አውሮፓ እንደ 1917ቱ ሩሲያ በአንድ ምት ማሸነፍ አይቻልም፤ ረጅም የምሽግ ጦርነት ያስፈልጋል። ለሥልጣን የሚታገል መደብም ሥልጣን ከመያዙ በፊት መምራት፣ ከያዘም በኋላ መምራቱን መቀጠል አለበት። ይህን የመጨረሻ ነጥብ ሥልጣን የያዙ ብዙ ፓርቲዎች ዘለውት አልፈዋል፤ እኛ የምናየው እንደዚያ ነው።

የግራምሺ ጤና ግን ተሰበረ፤ እንቅልፍ ራቀው፣ ጥርሶቹ ረገፉ። በ1935 የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ሮማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ በጥበቃ ሥር ተኝቶ ነበር። በሚያዝያ 19 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ያው ፋሺዝም በየካቲት 12 የአዲስ አበባን ሕዝብ ከጨፈጨፈ ሁለት ወር እንዳለፈ፣ በ46 ዓመቱ ዐረፈ። የሚስቱ እኅት ታቲያና 33ቱን ደብተሮች ከፋሺስቶች እጅ አተረፈች። ደብተሮቹ በኢጣሊያ የታተሙት ሙሶሊኒ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1951 ነው።