የጆሳያ ዌጅውድ ጉልበት

በስልካችሁ ዕቃ ስታዝዙ፣ ካልወደዳችሁት ገንዘባችሁን እንደሚመልሱላችሁ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። እኔ ይሄ ነገር የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከ200 ዓመታት በፊት አንድ እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ በዚሁ ዘዴ ሲሸጥ ኖሯል!

ሰውየው ጆሳያ ዌጅውድ ይባላል። በ1730 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በርስለም በምትባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር ተወለደ። አባቱም ወንድሙም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ገና ልጅ እያለ አባቱ ሞተ። ቀጥሎ ፈንጣጣ ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጉልበቱ ግን ተበላሸ። የዚያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ መዘውሩን የሚያዞረው በእግሩ ነው። እስቲ አስቡት፣ ከአባት የወረስከው ብቸኛ ሙያ የሚፈልገው እግር እምቢ ሲልህ!

ጆሳያ ግን ሙያውን አልተወም። ከመዘውሩ ሲርቅ ወደ አፈሩ ተጠጋ። የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር ቢቀላቀል፣ በምን ያህል እሳት ቢተኮስ ምን እንደሚወጣ እየሞከረ በደብተር መመዝገብ ጀመረ። ያኔ የአውሮፓ ሀብታሞች ለቻይና ፖርሴሊን ያብዱ ነበር፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። እሱ ቀለል ያለ፣ የወተት ቅባት የመሰለ ሸክላ አወጣ። በ1765 ንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ አዘዘችው። እሱም ፈቃድ አግኝቶ ሸክላውን በንግሥቲቱ ስም ጠራው። ዛሬ ብራንድ የምንለው ነገር ማለት ነው። በኋላም የሩሲያዋ ካትሪን ከ900 በላይ ዕቃ ያለው የገበታ ስብስብ አዘዘችው።

በ1768 የጉልበቱ ሕመም ስለጠናበት እግሩ ተቆረጠ። ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ የሚሰጥበት ዘመን ገና አልመጣም። በዓመቱ፣ በሰኔ 1769፣ ኢትሩሪያ ብሎ የሰየመውን ትልቅ ፋብሪካ ከፈተ። እኔን የገረመኝ የመክፈቻው ዕለት ነው። ጆሳያ መዘውሩ ፊት ተቀምጦ በገዛ እጁ 6 የአበባ ማስቀመጫዎችን ሠራ። መዘውሩን ያዞረለት ጓደኛውና ሸሪኩ ቶማስ ቤንትሊ ነበር። ያንን የሰማሁ ቀን፣ ብቻውን ታግሎ ትልቅ ቦታ ደረሰ የሚባለውን ወሬ ማመን ተውኩ።

ሙከራውን አላቆመም። እቶን ውስጥ ያለውን ሙቀት ሠራተኛ በዓይኑ ይገምት ስለነበር ብዙ ዕቃ ይበላሽ ነበር። ጆሳያ ሸክላ ሲሞቅ እንደሚኮማተር አስተውሎ፣ በኩምትርታው መጠን ሙቀት የሚለካበት መሣሪያ ሠራ። በ1783ም የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ።

በ1787 ደግሞ በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከ ጥቁር ሰው ምስል ያለበት ትንሽ የሸክላ ሜዳሊያ አሠራ። ወንድማችሁ አይደለሁም ወይ እያለ የሚጠይቅ ምስል ነው። ጆሳያ በነጻ አደለው፤ ሴቶቹ በአምባርና በፀጉር ጌጥ አደረጉት። ባሪያ ንግድን መቃወም ፋሽን ሆነ። ልክ ዛሬ ፕሮፋይላችንን ለአንድ ዓላማ እንደምንቀይረው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምስሉ ቅር ይለኛል። ጥቁሩ ሰው ለምን ተንበርክኮ ይለምናል? ደግሞ ጆሳያን ባለጸጋ ካደረጉት ዕቃዎች መካከል የሻይና የስኳር ማስቀመጫዎች ነበሩ፤ ስኳሩ ደግሞ የባሪያዎች ላብ ነው። ያም ሆኖ ዝም ማለት ይችል ነበር። ደንበኞቹ መኳንንትና ነጋዴዎች ነበሩና ዝምታው ያዋጣው ነበር። ዝም አላለም።

በጥር 1795 ሞተ። የብሪታንያ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የከለከለው በ1807 ነው፤ እሱ አላየውም። ከልጁ ከሱዛና የተወለደው ቻርለስ ዳርዊንም ዓለምን ያነጋገረው አያቱ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እኔ ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ የሰኔ ቀን ነው። እናንተስ፣ እግራችሁ እምቢ ሲል መዘውሩን የሚያዞርላችሁ ማን ነው? ካለ፣ ዛሬ ደውሉለት።